ለጋሽ ስንፈልግ በሽተኛ ያገኘንበት ቤተሰብ፦ የአንድ የጉበት ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ቤተሰቡ "ጻፈው፣ ለሰው ይጠቅማል፣ ስማችንን ግን እንዳታነሳ" ስላሉኝ ነው። ስለዚ የማንንም ስም አልጠራም፣ የታከመበትንም ቦታ አልጠራም። እኔ ፒያሳ አካባቢ የምሰራ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም "ዶክተር" ነው የሚለኝ፣ አይደለሁም ብሎ ማስረዳቱ ከሰለቸኝ ቆየ። ባለታሪኩን ጋሼ ብቻ እለዋለሁ፣ ድሮም የምጠራው እንደዛ ነው። 48 አመቱ ነው፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ የሶስት ልጆች አባት ነው፣ ጉዳዩ ሲጀምር ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚኖረው። የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተብሎ ለጋሽ ተፈልጎ፣ ብር ተሰብስቦ፣ ፓስፖርት ወጥቶ ሁሉ ነበር። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ንቅለ ተከላው አልተደረገም። ግን ለጋሽ ፍለጋው ራሱ ያወጣው ነገር ነው ይሄን ሁሉ የሚያስጽፈኝ።

ነገሩ የሚጀምረው 2007 ላይ ነው። የዘመድ ኦፕራሲዮን ነበርና ደም ሰጠ፣ ከዛ ተደውሎ ና ተባለ። ደም ባንክ የተሰጠውን ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረምራል፣ የሱ ሄፓታይተስ ቢ ላይ ፖዘቲቭ ሆነ። አንድ ክሊኒክ ሄደ፣ የጉበት ኢንዛይም ታየለት፣ ኖርማል ነው፣ "ቫይረሱ ተኝቷል፣ አያስቸግርህም፣ መጠጥ ብቻ ተው" ተብሎ ወጣ። መጠጥ ደሞ ድሮም አይነካም። የሚተወው ነገር ስላልነበረ ጉዳዩን ራሱን ተወው። ሚስቱን አስመርምር ያለው የለም፣ ወንድም እህቶችህን ያለው የለም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ ያለውም የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም ምክንያቱም ጠቅላላ ጉዳዩ የተበላሸው እዚች ጋ ነው ብዬ ስለማስብ። ኢንዛይም አንዴ ኖርማል ሆነ ማለት ሁሌ ኖርማል ነው ማለት አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ አመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል፣ ሲነሳ ደሞ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ጉበት ውስጡ ሲጎዳ ህመም የሚሰማ አካል አይደለም፣ የሚያመው የላይኛው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ስለዚ ሰውየው መደርደሪያ ላይ ፍሬን ሸራ እየደረደረ ጉበቱ ቀስ በቀስ ጠባሳ እየሆነ ነው፣ እሱ ምንም አያውቅም። በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በአመት፣ ኢንዛይምና ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን፣ ማየት የነበረበት ለዚህ ነው።

ሌላው ደሞ እንዴት ያዘው የሚለው ነው። ሰው የጉበት በሽታ ሲባል ወይ መጠጥ ወይ ሴት ነው ቶሎ የሚመጣለት፣ ጋሼንም ሰፈር ውስጥ "ለካ በስውር ይጠጣ ነበር" ያሉት አሉ፣ ሚስቱ እስከዛሬ ያልረሳችው ቃል ነው። እኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው ይሄን ቫይረስ የሚይዘው በልጅነቱ ነው፣ ወይ ሲወለድ ከእናቱ ወይ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲያድግ በቁስል በምላጭ በምናምን። በህፃንነቱ የያዘው ከ10ሩ በ9ኙ ላይ ስር ሰዶ ይቀራል፣ ትልቅ ሆኖ የያዘው ግን ከ100 ሰው ከ5 ባነሱት ላይ ነው የሚቀረው፣ ሌላው ራሱ ያጸዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው ሰው 254 ሚሊዮን ነበር፣ አፍሪካ ላይ ብቻ 65 ሚሊዮን ገደማ። ይሄ ሁሉ ሰው ጠጪ ሆኖ አይደለም። በልጅነት ነው የሚይዘው የሚለውን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ለጋሽ ፍለጋው ላይ ትርጉሙ ይመጣል።

ታህሳስ 2016 አካባቢ ድካም፣ ማሳከክ፣ ሆድ መነፋት ጀመረው። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለና ኦሜፕራዞል ዋጠ፣ ራሴ ነኝ ከፋርማሲያችን የሸጥኩለት፣ በማዘዣ። ከዛ አይኑ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለው ዘመዶቹ መድኃኒተኛ ጋ ወሰዱት፣ የሚጠጣ ቅጠል ለሳምንት ሰጡት። በዚ ላይ አቋሜን ልናገር፦ መድኃኒተኞቹን ሁሉ አጭበርባሪ የሚል ሰው ስራቸው ለምን እንደሚታመን አልገባውም። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አይን ቢጫ አድርገው አብዛኛውን ሰው በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ጊዜ ይለቁታል (ኢ ለነፍሰጡር በጣም አደገኛ ነው፣ እሱን አትርሱ)፣ ስለዚ ቅጠሉን የጠጣውም ያልጠጣውም ይድናል፣ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። አንድ መድኃኒተኛ በአመት ስንት እንደዚህ አይነት ሰው እንደሚያይ አስቡት፣ አዳኝ ነኝ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ችግሩ ያው የቢ ሲሮሲስ የያዘው፣ ማለትም ጉበቱ በቫይረሱ ጠባሳ የሆነበት፣ ሰው በዛው በር ሲገባ ነው። የደከመ ጉበት ያልታወቀ ቅጠል ሲጨመርበት አይችልም፣ ለወፍ በሽታ ከሚሰጡት ውስጥ ደሞ እንዶድ የመሰለ መርዛማ ነገር ያለበት አለ። ጋሼ የጠጣው ምን እንደነበር እስከዛሬ አልታወቀም።

የካቲት ላይ ሌሊት ደም አስመለሰ። ብዙ ደም፣ ሚስቱ "ገንዳው ሞላ" ነው የምትለው። በራይድ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት፣ እኔን የቀሰቀሱኝ ደሞ ኦክትሪዮታይድ የሚባል መርፌ አምጡ ስለተባሉ ነው፣ እዛ አልቆ ነበር። ይሄ መርፌ ወደ ጉበት የሚሄደውን የደም ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ጠባሳ የሆነ ጉበት ደም አላሳልፍ ሲል ደሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ የጉሮሮ ቧንቧው የታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ደም ስሮች ይወጠሩና አንድ ቀን ይፈነዳሉ። መርፌውን ከሶስተኛ ፋርማሲ አገኘነው፣ ከሱ ጋር ሴፍትሪያክሶን ተጀመረ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ደም ሲፈሰው አንቲባዮቲክ መስጠት ነፍስ የሚያድን ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ግን "ኢንፌክሽን የለው፣ ለምን ይወጋል" ይላል። በማግስቱ በኢንዶስኮፒ ደም ስሮቹን በላስቲክ ቀለበት አሰሩለት። ተረፈ።

ከዛ ውጤቶቹ ወጡ። አይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን 4.6፣ ጉበት የሚሰራው ፕሮቲን አልቡሚን 2.3፣ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር 1.9፣ ፕላትሌት 62 ሺህ፣ የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን 1.0። ጉበቱ ተኮማትሯል፣ ጣፊያው 17 ሴንቲሜትር ደርሷል፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ትንሽ ትንሽ መርሳትና ቀን መተኛት ሌሊት መንቃት ጀምሮታል፣ እሱም ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎል ላይ ሲወጣ ነው። ሲቲ ስካን ላይ ዕጢ አልታየም፣ ተመስገን። ሐኪሞቹ የበሽታውን ክብደት በሁለት መንገድ ነው የሚለኩት፣ ቻይልድ ፒዩ በሚባለው ሲ ነው ያሉት፣ መጨረሻው እርከን ማለት ነው። ሜልድ በሚባለው ደሞ 19። ሜልድ ከቢሊሩቢን፣ ከአይኤንአርና ከክሬቲኒን የሚሰላ ቁጥር ነው፣ ከ6 እስከ 40 ይሄዳል፣ ከ15 በላይ ሲሆን ንቅለ ተከላ ከመቆየት ይሻላል ተብሎ ይታሰባል። ለዛ ነው ያን ቀን "ትራንስፕላንት" የሚለው ቃል የተነሳው።

በዛው ቀን ግን ሌላም ነገር ተጀመረ፣ ማንም ልብ ያላለው። ቴኖፎቪር 300 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ።

የዚች ፍሬ ታሪክ ለብቻው ሊጻፍ ይገባው ነበር። ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ሚስቱ ብልቃጡን ለአንድ ነርስ ዘመዷ አሳይታ "ይሄማ የቫይረሱ መድኃኒት ነው" ተባለችና ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ። ሃያ አመት የኖረ ትዳር በአንድ ብልቃጥ ሊፈርስ ነበር። ፋርማሲ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ለልጆቼ ብዬ ነው" አለችኝ። የኤችአይቪ ምርመራው ነጌቲቭ የሚል ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ነበር፣ እሱን አይታም አላመነችም፣ ራሷ ተመርምራ ነጌቲቭ ስትሆን ነው የተረጋጋችው። ሄፓታይተስ ቢም አልያዛትም ነበር፣ ወዲያው ክትባት ጀመረች፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር፣ ሶስት ጊዜ። ብዙ የቢ ታማሚ ይሄን መድኃኒት ደብቆ የሚውጠው ወይ ጭራሽ የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ማቋረጥ ደሞ ቫይረሱ በአንዴ ተነስቶ ጉበቱን ሊጨርሰው ይችላል። እኛ ፋርማሲስቶች መድኃኒቱን ስንሰጥ ለምን እንደሆነ ለሚስትም ለባልም ጮክ ብለን ብንናገር ብዙ ነገር ይቀላል ባይ ነኝ። በነገራችን ላይ አገራችን በዚህ የኋላ ሰልፈኛ አይደለችም፣ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ህክምና ፕሮግራም ከሰሃራ በታች ካሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፣ ከሺህ በላይ ታማሚ መዝግቦ ነው የተከታተለው።

ቀጥሎ ምግብ። ሁዳዴ ገባ፣ ጋሼ ደሞ ፆም አላፈርስም አለ። እዚህ ላይ ሐኪሙ ጥሩ ነገር ነበር ያለው፣ "ስጋ ብሉ አላልኩም፣ ሆድዎን ባዶ አድርገው አይዋሉ ነው ያልኩት" አለው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጉበቱ ስኳር ማከማቸት ስለማይችል ረጅም ሰአት ሲራብ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ነው የሚበላው፣ ለሊቱ ራሱ ይበዛበታል፣ ለዛ ነው ከመተኛቱ በፊት ትንሽ ነገር መብላት አለበት የሚባለው። ድሮ ፕሮቲን ቀንሱ ይባል ነበር፣ አሁን ቀርቷል። የንስሐ አባቱ መጡ፣ ሰሙ፣ "ልጄ፣ የታመመ አይፆምም፣ በኔ ይሁንብህ" አሉት፣ አለቀ። ከኔ የሳምንት ስብከት የሳቸው አንድ አረፍተ ነገር በለጠች። ማታ ማታ በሶ፣ ጠዋት እንቁላል። የከበደው ጨው ነው። ጨው የሌለው ሽሮ ማን ይበላል? እሱ ግን ካልቀነሰ ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ አይጎድልም፣ የሚያሸኑት መድኃኒቶች፣ ስፓይሮኖላክቶንና ፍሮሰማይድ፣ ብቻቸውን አይችሉትም። ሚስቱ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ስታጣፍጠው ለመደ። ፀበልም ሄዷል፣ ሐኪሙ "ይጠመቁ፣ እስኪያስመልስዎ ግን አይጠጡ" አለው፣ የታሰሩት ደም ስሮች በማስመለስ እንዳይፈነዱ ነው፣ ተስማሙ። ጫት ትንሽ ትንሽ ይቅም ነበር፣ እሱን ጨርሶ አስቆሙት። ሐረር ላይ ሆስፒታል ውስጥ የተሰራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት ብዙ በተቃመ ቁጥር ስር የሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል፣ ቃሚ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው ወሬ ይቀይራሉ።

አሁን ወደ ንቅለ ተከላው። ሰው ሁሉ "ጳውሎስ ይሰሩ የለ እንዴ" ይለኝ ነበር። ጳውሎስ ከ2008 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሰራው የኩላሊት ነው። ኩላሊትና ጉበት አይገናኙም፣ ኩላሊት ቢዘገይ ዲያሊስስ አለ፣ ጉበት የሚተካ ማሽን የለም፣ ኦፕራሲዮኑም ረጅም ነው፣ ደም ይፈጃል፣ የሰለጠነ ቡድንና ከባድ አይሲዩ ይፈልጋል። ስለዚ አብዛኛው የኛ ሰው የሚሄደው ህንድ ነው። እዛ ደሞ ለውጭ ሰው የሚሰራው ከሞላ ጎደል ከህያው ለጋሽ ነው፣ ከጤነኛ ሰው ጉበት ላይ ቀኙን ክፍል፣ ከጠቅላላው 60 በመቶ ገደማ፣ ቆርጠው ለታማሚው ያደርጉለታል። ጉበት ተመልሶ ያድጋል፣ የለጋሹም የተቀባዩም አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሞላል። ግን ሁሉም ሰው ይችላል ማለት አይደለም፦ የደም አይነት መግጠም አለበት፣ ጉበቱ ስብ የበዛበት መሆን የለበትም፣ የሚቀርለት ከ30 በመቶ ማነስ የለበትም፣ የሚሰጠው ቁራጭ ደሞ ከተቀባዩ ክብደት ቢያንስ 0.8 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ለጋሽ የመሞት ዕድሉ ከሺህ ከሁለት እስከ አምስት ነው ይባላል፣ ትንሽ ነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ መሆኑን ስታስበው ግን ትንሽ አይደለም።

ህጉም አለ። የህንድ የአካል ንቅለ ተከላ ህግ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ መሸጥ መግዛት ወንጀል ነው፣ የውጭ ታማሚ ለጋሹን ከራሱ ቤተሰብ ይዞ መሄድ አለበት፣ ዝምድናውን ዴልሂ ያለው የአገሩ ኤምባሲ በወረቀት ማረጋገጥ አለበት። ልደት ሰርተፍኬት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ጋብቻ፣ ሁሉንም። አንድ ደላላ፣ ታማሚ ልኮ ኮሚሽን የሚቀበል፣ "ለጋሽ ከከበዳችሁ እዛ ይፈለጋል" ብሎ ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት። ቤተሰቡ ደሞ ለአፍታ ተስፋ አድርጎ ነበር፣ አልፈርድባቸውም።

ስለዚ ከቤተሰብ። አምስት ናቸው፣ ጋሼ ሶስተኛ ነው፣ የደም አይነቱ ኦ፣ ከኦ ውጪ መቀበል አይችልም። ሰኔ ላይ ሁሉም አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ላብ ሄዱ፣ ታላቅ ወንድሙ ከአምቦ ድረስ መጣ፣ ከላብ ሲወጡ እንደ ሰርግ ቤት ምሳ በሉ። ማክሰኞ ውጤት መጣ። ታላቅ ወንድም ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ። ታናሽ ወንድም ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ። ታላቅ እህት ነጌቲቭ ናት፣ ደሟ ግን ቢ ነው። ታናሽ እህት ነጌቲቭ፣ ደሟ ኦ፣ እልል ልንል ስንል አልትራሳውንድ ላይ ጉበቷ ስብ አለበት፣ ክብደት ቀንሳ ካልመጣች አይሆንም ተባለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ህጉ ለጋሽ ከቤተሰብ አምጡ ይላል፣ ቫይረሱ ደሞ የሚኖረው ቤተሰብ ውስጥ ነው። አንድ ቤት ያደጉ ልጆች፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ እናት። አንዱ ጉበት ሲፈልግ ሊሰጡት የሚችሉት ራሳቸው በሽተኞች ናቸው፣ ያውም ሳያውቁት። እናታቸው እነሱ ልጆች እያሉ "ሆዷ አብጦ" ነው የሞተችው፣ ያኔ መድኃኒት አብልተዋት ነው ተብሎ ከጎረቤት ተኳርፈው ነበር። ምን እንደነበረ አሁን ማረጋገጥ አይቻልም። ታላቅ እህትየው ግን ውጤቱን ይዛ ብዙ ዝም ካለች በኋላ "እነ እትዬን በከንቱ ነው ያን ያህል አመት የተኳረፍናቸው" አለች።

ከዛ የጋሼ የመጀመሪያ ልጅ መጣ። 19 አመቱ፣ ደሙ ኦ፣ ነጌቲቭ፣ ጉበቱ ንፁህ። በህግም በህክምናም የሚገጥመው እሱ ነበር። ለማንም ሳይነግር ተመርምሮ ነው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው። እናትየው ባሏንም ልጇንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ልታስቆርጥ ነው፣ አስቡት። ጋሼ ደሞ "የልጄን ሆድ አስቀድጄ ነው የምኖረው? አይደረግም" ብሎ ተነስቶ ወጣ። አጎቶቹ "ወጣት ነው፣ ቶሎ ያገግማል" አሉ፣ አክስቶቹ "ነውር ነው" አሉ። እኔን ምን ትላለህ ሲሉኝ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ ልጁን ለብቻው አባቱን የማያክም ሐኪም ያነጋግረው፣ አልፈልግም ካለ ለቤተሰቡ "አይገጥምም" ተብሎ ብቻ ይነገር። ጥሩ የንቅለ ተከላ ማዕከል ይሄን ነው የሚያደርገው፣ ለጋሹን ከራሱ ቤተሰብ የሚጠብቅ ሰው ይመድባል። ልጁ ገብቶ ወጥቶ አሁንም እሰጣለሁ አለ። አባቱም አሁንም አልቀበልም።

በዚህ መሃል ብሩ። ዶሮ ማነቂያ መጋቢት 2016 አካባቢ ፈርሶ እድሩ ተበትኗል፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ዘመድ ጋ፣ ስለዚ መዋጮው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር የሚሰበሰበው። የተሰጠን ግምት ሁሉንም ይዞ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ባንክ ላይ ዶላሩ 57 ብር በነበረበት ጊዜ 1.7 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። የተፈረሰበት ሰው፣ ሱቁ የተዘጋበት ሰው፣ አሜሪካ ያለ ሰው፣ ተባብሮ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ፣ የሜዲካል ቦርዱም ወረቀት አለቀ። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው 30 ሺህ ዶላር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ግሩፑ ላይ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

እኔ ደሞ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የኋላው ነበር የሚያስጨንቀኝ፣ ሙያዬ ስለሆነ። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚሰጠው ታክሮሊመስ ዕድሜ ልክ ነው፣ መጠኑ በደም እየተለካ፣ ካነሰ ሰውነት ጉበቱን ይገፋዋል፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል። እኛ አገር ቲቢ አለ፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን ከደም ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል፣ ክላሪትሮማይሲን ደሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። የሰፈር ፋርማሲ ሳያውቅ አንድ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ የ3 ሚሊዮን ብር ጉበት ሊያበላሽ ይችላል። ቢ ስለሆነ ደሞ አዲሱን ጉበት ቫይረሱ እንዳይበላው ቴኖፎቪሩ ከሱ በኋላም አይቆምም።

መስከረም 2017 ላይ ለህንዱ ማዕከል የሚላክ አዲስ ምርመራ ተሰራ። ሰኔ ላይ ሜልዱ 17 ነበር፣ ትንሽ ወርዷል ብለን ብዙ አላሰብንበትም። አሁን ቢሊሩቢን 1.9፣ አይኤንአር 1.4፣ ሜልድ 13። ቫይረሱ በደም ውስጥ አልታይ ብሏል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየና "አሁን አልልክዎትም" አለ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ብሩ ስላልሞላ የተባለ መስሏቸው ተቆጡ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ በቢ ምክንያት የመጣ ሲሮሲስ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው፣ መንስኤውን የሚያቆም መድኃኒት አለ። ቫይረሱ ሲቆም ውሃ የቋጠረና የደማ ጉበት እንኳ ከወራት በኋላ ስራውን መልሶ ሊጀምር ይችላል፣ በቴኖፎቪርና በኢንቴካቪር ተሽሏቸው ከንቅለ ተከላ ወረፋ የወጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ሁሉም አይደሉም፣ አንዳንዱ መድኃኒቱ እስኪሰራ አይደርስም፣ ለዛ ነው ሁለቱም ጎን ለጎን የሚሄዱት፣ መድኃኒቱን ሰጥተህ ለጋሽም ትፈልጋለህ። ሜልዱ ከ15 በታች ሲወርድ ግን የኦፕራሲዮኑ አደጋ ከበሽታው አደጋ ይበልጣል። ጥር ላይ 11 ገባ፣ ቻይልድ ፒዩም ከሲ ወደ ቢ ወረደ። ሱቁን ከፈተ፣ ግማሽ ቀን።

የጋሼን ነገር ሰው ይገረምበታል፣ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ታናሽ ወንድሙ፣ 42 አመቱ፣ ምንም የማያመው፣ ኳስ የሚጫወት፣ ቫይራል ሎዱ ከፍ ያለ ኢንዛይሙ ከኖርማሉ ሶስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ የጉበት ጠባሳ የሚለካው ፋይብሮስካን ላይ ጉበቱ ሲሮሲስ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሊለግስ የመጣ ሰው ቴኖፎቪር ይዞ ሄደ። ታላቅየው ቫይረሱ ዝቅ ያለ ነው፣ በየስድስት ወሩ ክትትል ብቻ። ከዛ የነሱ ሚስቶችና ልጆች ተመረመሩ፣ ከ1999 በኋላ የተወለዱት የሄፓታይተስ ቢውን ክትባት ፔንታቫለንት በሚባለው የህፃናት ክትባት ውስጥ ስላገኙት ሁሉም ነጌቲቭ፣ ከዛ በፊት ከተወለዱት አንዷ፣ የታላቅ ወንድሙ ልጅ፣ ፖዘቲቭ ሆነች፣ ያውም የአምስት ወር ነፍሰጡር። ቫይራል ሎዷ ከ200 ሺህ በላይ ስለነበር ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር ተሰጣት፣ ህፃኑ በተወለደ በ24 ሰአት ውስጥ ክትባቱን እንዲያገኝ እኔ ቀድሜ ፈልጌ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ጠበቅኩ። የፔንታቫለንቱ መጀመሪያ በስድስተኛው ሳምንት ነው፣ ከእናት ለሚተላለፈው ያ ይዘገያል። ጋሼ ደም የሰጠ ጊዜ፣ 2007 ላይ፣ "ወንድም እህቶችህን ይዘህ ና" ቢባል ኖሮ ይሄ ሁሉ ምርመራ ያኔ በጥቂት ብር ያልቅ ነበር፣ እሱም ሆዱ ውሃ ባልቋጠረ።

ብሩ አሁንም ባንክ ነው፣ በሶስት ሰው ፊርማ። ግሩፑ ላይ ጭቅጭቅ አለ፣ ግማሹ ይመለስልን ይላል፣ ግማሹ ነገ ቢያስፈልገውስ ይላል፣ አሜሪካ ያሉት ደሞ ለሌላ ታማሚ ይሰጥ ይላሉ። የእድሩ ሊቀመንበር እስከ ፋሲካ ይቆይ ብለዋል። ታናሽ እህትየው አስራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች፣ ጉበቷ እንደገና ሊታይ ነው፣ ምክንያቱም የጋሼ ነገር አላለቀም፣ ጠባሳው አለ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ቫይረሱ ቢጠፋ እንኳ የጉበት ካንሰር ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ለዛ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባል የደም ምርመራ ይሰራል፣ ዕጢ አንድ ሆኖ ከ5 ሴንቲሜትር ሳይበልጥ ወይም ሶስት ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ሳይበልጡ ከተገኘ በንቅለ ተከላ ሊድን ይችላል፣ ከዛ ካለፈ ግን ብርም ለጋሽም ቢኖር ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ቴኖፎቪሩ ኩላሊት እንዳይነካ ክሬቲኒኑም አብሮ ይታያል። የሚቀጥለው ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ነው፣ ታናሽ ወንድሙም በዛው ቀን ተቀጥሯል፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።